የነቢያት ጎዳና ሆስፒታሎች፦ ከወባ እስከ ጉበት ሕክምና

ሃነቪኢም ወይም የነቢያት ጎዳና ከኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ግንብ ውጭ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋ መንገድ ነው። ከእርሱ የሚገነጠለው የኢትዮጵያ ጎዳና በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በዐፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን ወደተፈጸመችው ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። በዋናው መንገድ ላይ ደግሞ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሕንፃ ይገኛል። ጎዳናው ከቆንስላዎቹና ከገዳማቱ እኩል የሚታወቀው በሆስፒታሎቹ ነው።

ሆስፒታል እዚህ እንዲበዛ ያደረጉ ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው በሽታ ነው፤ ሕዝቡ የዝናብ ውሃ በሚያጠራቅምባቸው ጉድጓዶች የወባ ትንኝ ይራባ ነበር፤ የዓይን ማዝ በሽታም (ትራኮማ) ብዙዎችን አሳውሯል። ሁለተኛው የሚሲዮኖችና የመንግሥታት ፉክክር ነው። አይሁድን ወደ ክርስትና ለመሳብ የቆመው የለንደን ሚሲዮን ማኅበር በ1844 (እ.ኤ.አ.) በአሮጌው ከተማ ሆስፒታል ሲከፍት፣ ረቢዎች ምእመኖቻቸው እንዳይታከሙበት ከለከሉ፤ አይሁድም የየራሳቸውን ማቋቋም ያዙ።

በጎዳናው ቀድሞ የተከፈተው በ1872 ዶክተር ማክስ ሳንድሬችኪ ያቋቋመው ማሪያንሽቲፍት የሕፃናት ሆስፒታል ነው። በአሮጌው ከተማ በ1854 የተመሠረተው የሮትሽልድ ሆስፒታል በ1888 ወደዚሁ ተዛወረ። የጀርመን ዲያቆናውያት እኅቶች ሆስፒታል በ1894፣ የዚያው የለንደን ማኅበር (የእንግሊዝ ሚሲዮን) አዲሱ ሆስፒታልም በ1897 ተከተሉ። አርክቴክቱ አንቶኒዮ ባርሉዚ የነደፈው የጣሊያን ሆስፒታል ግንባታ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተቋርጦ በ1919 ተጠናቀቀ። ቢኩር ሖሊም የተባለው ሆስፒታልም አዲሱን ሕንፃውን በ1925 ከፈተ።

ሄንሪየታ ሶልድ በ1912 በኒው ዮርክ የመሠረተችው ሃዳሳ የተባለው የሴቶች ማኅበር በቀጣዩ ዓመት ሁለት ነርሶችን ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። በ1918 ሐኪሞችና ነርሶች ያሉበት የሕክምና ቡድን መጥቶ የሮትሽልድን ሆስፒታል ተረከበ፤ በዚያው ዓመት የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ሥራው እያደገ ሲሄድ ሃዳሳ በ1939 በስኮፐስ ተራራ ላይ ወደተሠራው ትልቅ ሆስፒታል ተዛወረ።

በሚያዝያ 13 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) ወደ ተራራው ይጓዝ በነበረው የሕክምና ተሽከርካሪዎች አጀብ ላይ በተፈጸመ ጥቃት 78 ሰዎች፣ ከእነዚህም መካከል የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሐይም ያስኪ፣ ተገደሉ። ሆስፒታሉ ተራራውን ለቆ ወደ ከተማው ወረደ፤ የእንግሊዝ ሚሲዮን ሆስፒታልን ጨምሮ በተለያዩ ሕንፃዎች ተበታትኖ ሠራ። አንዱ የሌላውን እምነት ፈርቶ የገነባቸው ቤቶች በችግር ቀን ለአንድ ሥራ ዋሉ። የሃዳሳ የሕክምና ትምህርት ቤትም በ1949 የተከፈተው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው። ሃዳሳ በ1961 በኢየሩሳሌም ዳርቻ ወዳለው ዓይን ካረም ተሸጋገረ።

በዓይን ካረም የጉበት ሕክምናና ምርምር ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ፤ በፕሮፌሰር ዳንኤል ሹቫል የተመራው የጉበት ክፍል በሄፓታይተስ ክትባት ምርምር ታወቀ። ለኢትዮጵያውያንም ይህ ሥራ ቅርብ ነው። በ1984ና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከል የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና ቢልሃርዚያ የተገኘባቸው ጥቂት አልነበሩም። ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ሳይሰማ ቆይቶ ጉበትን ያጠጥራል፣ ካንሰርም ያስከትላል። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላሎች ደግሞ በደም ሥር ወደ ጉበት ሄደው ጠባሳ ይፈጥራሉ፤ የታመቀው ደም የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮችን አሳብጦ እስከ ደም ማስታወክ ያደርሳል። እስራኤል ከ1992 ጀምሮ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት ጀመረች።

የአኗኗር ለውጥ ሌላ ሕመም ጨመረ፤ በኢትዮጵያ ገጠር እምብዛም የማይታወቀው ዓይነት 2 የስኳር በሽታ በስደተኞቹ ዘንድ በረከተ። ከእርሱና ከውፍረት ጋር በጉበት ውስጥ ስብ ይከማቻል፤ ሲቆይም ጉበትን ያቆስላል። ጨጓራን የሚያጠብ ወይም የምግብን መተላለፊያ የሚቀይር ቀዶ ሕክምና የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፦ ክብደትን ከመቀነስ አልፎ የአንጀት ሆርሞኖችን ይለውጣል፣ የኢንሱሊንን ሥራ ያሻሽላል፣ የጉበትን ስብም ያቀልላል። በ2016 ዓለም አቀፍ የስኳር በሽታ ማኅበራት ይህን ቀዶ ሕክምና ለተመረጡ ታካሚዎች በመደበኛ የሕክምና መመሪያ ውስጥ እንዲካተት ደገፉ።

በነቢያት ጎዳና ዛሬ የሮትሽልድ ሕንፃ የሃዳሳ ኮሌጅ አካል ነው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታል የአንግሊካን ትምህርት ቤት፣ የጣሊያኑ የትምህርት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሆነዋል።