ውርጭና በረዶ፦ ጮቄን ለሚሻገር እግረኛ

የፈረንጁ «ዊንተር» በአማርኛ «ክረምት» እየተባለ መተርጎሙ ብዙ ነገር ያምታታል። በአልፕስ ተራሮች ብርዱና በረዶው አብረው ይመጣሉ፤ በጮቄ ግን ወቅታቸው ለየቅል ነው። ውርጩ የበጋ፣ በረዶው በአብዛኛው የዝናብ ወራት ነው። ከየጁቤ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ወደሚያልፈው ተራራ የሚወጣ ሰው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ውርጭ ከደመና አይወርድም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር መሬቱ የቀኑን ሙቀት ያለ ከልካይ ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል እየተንሸራተተ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጎሕ ሲቀድ የወንዙ ዳር ጓሳ በአመዳይ ነጭቶ፣ ሲረግጡት እየተንኮሻኮሸ፣ ከበላዩ ያለው ተረተር ግን ጤዛ ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ነፋስ ሸሽቶ ጎድጓዳ ስፍራ ያደረ መንገደኛ እንግዲህ ወደ ብርዱ ማጀት ገብቷል ማለት ነው።

በረዶ የከሰዓት እንግዳ ነው። የጠዋት ፀሐይ ያሞቀው እርጥብ አየር ዳገቱን ይዞ ይወጣና ደመና ይከምራል፤ ከዚያ መብረቅ፣ በረዶ፣ ጉም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሞጣ ጫፍ እስኪደረስ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። እኔ ግን ከበረዶው ይበልጥ የምፈራው የራሰውን ጋቢ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ውኃ በማይረጋበት ሙቀት እንኳ ሰውን አቀዝቅዞ ይገድላል። በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ተረተሩን መሻገር የሚበጀው ለዚህ ነው።

በአልፕስ መንገደኛን የሚቀብረው የበረዶ ናዳ በጮቄ የለም። እሱ የሚፈጠረው የተደራረበ አመዳይ መሰል በረዶ፣ በመካከሉ ደካማ ንብርብር ይዞ፣ በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ዳገት ላይ ሲጫን ነው። የጮቄ በረዶ ለመደራረብ አይበቃም፤ ፀሐይ ቶሎ ታቀልጠዋለች። የእኛ ናዳ የአፈር ነው፤ ውኃ የጠገበ አፈር ከዳገቱ ጋር ያለው ትስስር ሲላላ ይወርዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ያለቀውም በዚሁ ነው። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛ ናዳ ወረደበት። የአልፕስ ነፍስ አዳኞች አካፋ ከማንሣታቸው በፊት ከበላያቸው ገና ያልወረደ ነገር እንዳለ የሚያዩትም ይህንኑ ፈርተው ነው።