ለጡረታ ጉዞ የሚሆን ካምፐር ቫን እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ የምንኖር በርካታ ኢትዮጵያውያን የጡረታ ዕድሜያችን ደርሷል። እኔም በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለ26 ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። ሰውን ወደሚፈልገው ቦታ ሳደርስ ኖሬ፣ አሁን ከባለቤቴ ጋር እኛ የምንፈልገውን ለማየት አስበናል። በመሆኑም አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ የተገጠመለትን አነስተኛ መኪና፣ ካምፐር ቫንን፣ አንድ ዓመት ያህል ሳጠና ቆይቻለሁ። አዲሱ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ፣ ጉዳዩ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ጉዳይ ነው። ያወቅሁትን ለአንባቢያን ላካፍል።

የትኛው መኪና?

በአሜሪካ አብዛኞቹ ካምፐር ቫኖች የሚሠሩት በሦስት መኪኖች ላይ ነው። ራም ፕሮማስተር በፊት ጎማ የሚነዳ ባለ ቤንዚን ሲሆን፣ ወለሉ ዝቅ ስለሚል ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይመቻል። ወርዱም ሰፊ በመሆኑ አልጋ በአግድም ሊዘረጋበት ይችላል። ፎርድ ትራንዚት ደግሞ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ዓይነት ስላለው ለበረዶ አገር ይሆናል። መርሰዲስ ስፕሪንተር በአብዛኛው በናፍጣ ይሠራል፤ ሆኖም የሚጠግነው ጋራዥ በየትንሹ ከተማ አይገኝም።

ቁመትና ርዝመት

የፕሮማስተር ርዝመት እንደየዓይነቱ ከ5.4 እስከ 6.4 ሜትር ገደማ ነው። አጭሩ በተለመደ ማቆሚያ ይገባል፤ ረጅሙ ግን ይተርፋል። ጣሪያው ላይ ኤር ኮንዲሽነር ሲጨመር ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ስለሚጠጋ፣ የከተማ ምድር ቤት ጋራዦችን ይርሷቸው። በሸናንዶዋ ፓርክ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ግን 3.86 ሜትር ከፍታ ስላለው ያሳልፋል።

ክብደትና መብራት

ሻጮች ብዙም የማያነሱት ነገር የጭነት ልክ ነው። በሩ አካባቢ የተለጠፈው ጽሑፍ ሰውና ዕቃ በድምሩ ስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። 75 ሊትር ውኃ ብቻውን 75 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው፣ ምግብና ልብስ ሲጨመር ልኩ ቶሎ ይሞላል።

ባትሪውንም ይጠይቁ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ይህም የጣሪያውን ኤር ኮንዲሽነር የሚያሠራው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የተለመደው የሊድ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል።

አልጋና ቡና

በዕድሜ የገፋ ሰው ሌሊት መነሳቱ አይቀርም። አልጋው አግድም ከሆነ፣ በስተውስጥ የተኛው ሌላውን ተሻግሮ ይወርዳል። ሁለት የተለያዩ አልጋዎች ያሉት ቫን ይህን ችግር ያስቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ለቡና ብለው ቫን ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ከሰሉ የመሰለው ሁሉ ጠፍቶ ረመጥ ሲሆንም ያው ነው። ጀበናውን መስኮት ከፍተው በጋዝ ምድጃው ያፍሉ፤ የጋዙን መጠቆሚያ መሣሪያም በየጊዜው ይፈትሹ።

ከመግዛትዎ በፊት

62 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ፣ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ካርድ ያገኛል። ካርዱን ቀድመው ያውጡ። ከዚያም ሊገዙት ያሰቡትን ዓይነት ቫን ለአራትና ለአምስት ሌሊት ተከራይተው ይሞክሩት። ሁለታችሁም ንዱት፣ አብስሉበት፣ መጸዳጃውን ባዶ አድርጉ። ከሁለት አንዳችሁ ከከበዳችሁ ግዢውን ተዉት። ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ቢበዛ የጥቂት ቀናት ወጪ ነው፤ የጡረታ ቁጠባ ግን ከወጣ በኋላ በዚህ ዕድሜ ሠርተን የምንተካው አይደለም።