ከከሰል በፊት ትንፋሽ፦ የዮሃንስ ኢተን የማለዳ ልምምድ

የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤቱ ባውሃውስ በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ቫይማር ከተማ ሲከፈት፣ መሥራቹ ዋልተር ግሮፒየስ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የሚያሰናዳውን የመጀመሪያ ኮርስ ለስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ለዮሃንስ ኢተን ሰጠው። ኢተን በበርን መምህርነትን፣ በሽቱትጋርት ሥዕልን ተምሮ በቪየና የራሱን ትምህርት ቤት ሲመራ የቆየ ሰው ነበር። ወደ ቫይማር ሲዛወር ከቪየና ተማሪዎቹ በርከት ያሉት አብረውት መጡ።

ማለዳ በኢተን ክፍል ውስጥ ወረቀትና ከሰል ቢዘጋጁም ወዲያው አይነኩም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቆመው ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ ከዚያ ዝግ ብለው ይተነፍሳሉ፤ ሐሳባቸው እስኪሰበሰብም ጸጥ ይላሉ። ከሰሉ ሲነሳ ደግሞ ክብና ማዕበል መሳይ መስመር ምት እየጠበቁ ይደጋግማሉ፤ አንዳንዴም በሁለት እጅ በአንድ ጊዜ። የኢተን እምነት ግልጽ ነው፦ ትከሻው የተወጠረ ሰው የሚያሰምረው መስመርም የተወጠረ ነው። አሜከላ ሲያስልም ተማሪው የእሾሁን ሹልነት በገዛ ሰውነቱ ሳይሰማው መስመር እንዲጀምር አይፈልግም ነበር።

ይህ ጥብቅነት ምን ያህል ይደርስ እንደነበር የሥራ ባልደረባው ኦስካር ሽሌመር በደብዳቤ ጽፎታል። ኢተን ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከግሩኔቫልት ሥዕል የምታለቅሰውን መግደላዊት ማርያምን ለተማሪዎቹ አሳይቶ፣ ዋናውን ነገር አውጥተው እንዲስሉ አዘዘ። እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ሲታገሉ አይቶ ተቆጣ፤ እውነተኛ ስሜት ቢኖራቸው ኖሮ በዚያ ልቅሶ ፊት መሳሉን ትተው ራሳቸው ያለቅሱ እንደነበር ነገራቸው።

የትንፋሹና የሰውነቱ ልምምድ ምንጭ በአብዛኛው ማዝዳዝናን የሚባለው እንቅስቃሴ ነበር። የጥንቱን የፋርስ ነቢይ የዛራቱስትራን ትምህርት እከተላለሁ የሚለው ይህ እምነት ጾምን፣ ሥጋ አለመብላትንና የትንፋሽ ሥርዓትን ያዛል። ኢተን ፀጉሩን ተላጭቶ ራሱ ባዘጋጀው መነኩሴ መሳይ ቀሚስ ይመላለስ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤትም ለተወሰነ ጊዜ በዚሁ ሥርዓት ሠራ፤ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ በጎብኚዎች ትዝታ ውስጥ ቀርቷል። ጉዳቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እጅን ለሥራ የሚያዘጋጅ ልማድ የአንድ እምነት መለያ ሲሆን ትምህርት ቤቱን ይከፍላል፤ ባውሃውስም ተከፈለ። የሙዚቃ መምህርቷ ገርትሩድ ግሩኖቭ በዚያው ቤት በድምፅ፣ በቀለምና በሰውነት እንቅስቃሴ ተማሪውን ወደ ውስጣዊ ሚዛን ለማድረስ ትሠራ ነበር፤ የእሷ መንገድ ግን ከማዝዳዝናን ውዝግብ የራቀ ነበር።

ግሮፒየስ ትምህርት ቤቱን ወደ ኢንዱስትሪ ሲያዞር ኢተን በ1923 ለቀቀ። ኮርሱን የተረከቡት ላስሎ ሞሆሊ-ናጊና ዮሴፍ አልበርስ ትኩረታቸውን በቁሳቁስና በግንባታ ላይ አደረጉ።

ኢተን ግን ልምምዱን አልተወም። በ1926 በርሊን ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉ። የጃፓን የቀለም ብሩሽ አሳሳል የሚያስተምሩ ጃፓናውያንንም ጋበዘ፤ ብሩሹ አንዴ ካረፈ እርማት የማይቀበል በመሆኑ፣ ሠዓሊው ከመንካቱ በፊት መዘጋጀቱ በዚያ አሳሳል ግዴታ ነው። በኋላም ከ1938 እስከ 1954 የዙሪክን የጥበባት ትምህርት ቤት መራ፤ በ1963 ባሳተመው የመሰናዶ ኮርሱ መጽሐፍም ክፍለ ጊዜውን በማፍታታትና በትንፋሽ ይጀምር የነበረው ለምን እንደሆነ አስረድቷል።