ዝርዝሩ ከሊማሊሞ ይጀምር ወይስ ከጎንደር?

ደባርቅ፣ ዳባት፣ ስሜን፣ ሊማሊሞ፣ ጎንደር። እነዚህን ስሞች በፊደል ተራ አሰልፉ ብንባል በሀለሐመ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሊማሊሞን ያስቀድማል፤ ስሜን፣ ደባርቅ፣ ዳባት ብሎም በጎንደር ይጨርሳል። በአበገደ የሚሄድ ግን ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን፣ ዳባትንና ሊማሊሞን አልፎ፣ ስሜን ላይ ያበቃል። ሊኑክስ ኮምፒውተር ሁለቱንም ተራ ያውቃል፤ መራጩ በሼል የሚጻፍ አንድ ተለዋዋጭ ነው።

ሼል ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጀምሮ፣ እዚያ በ«ኤክስፖርት» የታወጀ ተለዋዋጭ ለሚጠራው ፕሮግራም ሁሉ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣው ባሽ የተባለ ሼልም ይህንኑ ወረሰ። ከተለዋዋጮቹ «ላንግ» ጠቅላላ ቋንቋውን፣ «ኤልሲ ኮሌት» የፊደል ተራውን ብቻ ይወስናል፤ «ኤልሲ ኦል» ሁሉንም ይሽራል።

የተራው ክርክር ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ሰጡበት፤ አለቃ ካረፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ ነው። አለቃ እንደ ዕብራይስጡ ሁሉ የግእዝም ጥንተ ተራ አበገደ ነው፣ ሀለሐመ ኋላ የመጣ ነው ብለው ሞገቱ። ደስታም በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት ያማርኛ መዝገበ ቃላት የመምህራቸውን መንገድ አልለቀቁም።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1933 በቤት ሼሜሽ ቁፋሮ የተገኘ፣ ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሸክላ ጽላት ፊደላቱን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ይዟል። የግእዝ ጽሕፈት የተወለደበት የደቡብ ዓረብ ፊደልም የሚቆጠረው እንዲሁ ነው። አበገደም ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሀለሐመ ግን ኋላ የተፈጠረ እንዳልሆነ ጽላቱ ይመሰክራል።

ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ በሀለሐመ አሰለፈው። ሊኑክስ ላይ ያለው የግእዝ የቋንቋ ቅንብር (ሎኬል) ግን የአለቃን ወገን አልጣለም፤ ከመደበኛው ጎን ስሙ ላይ «አበገደ» የሚል ቅጥያ ያለው ሌላ ቅንብር ቆሟል።

ቅንብሩ ማሽኑ ላይ ከተጫነ የቀረው ቀላል ነው። የቅንብሩን ስም የያዘው «ኤልሲ ኮሌት» ዝርዝር ከሚደረድረው «ሶርት» ትእዛዝ ፊት ቢጻፍ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ ይሠራል፤ በ«ኤክስፖርት» ቢታወጅ ሼሉ እስኪዘጋ ይቆያል፤ «ባሽአርሲ» ፋይል ውስጥ ቢገባ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር ይነሣል። «ኤልሲ ኦል» አስቀድሞ ተሰይሞ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዛሬ የመጻሕፍትና የቦታ ስም ዝርዝር በኮምፒውተር ይሰናዳል። አንዱ ዝርዝር በአበገደ፣ ሌላው በሀለሐመ ተደርድሮ «ጆይን» በተባለው ትእዛዝ ቢጋጠሙ፣ በሁለቱም ያሉ ስሞች ሳይገናኙ ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ የአለቃን መዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ አበገደን ይሰይም፤ የወረዳ ስም የሚያሰልፍ በሀለሐመ ይሂድ፤ ሁለቱም የመረጡትን ተራ ከፋይሉ አናት ላይ ይጻፉት።