ከጭድ ጭቃ እስከ ፕላስቲክ ሳንቃ



ድሬዳዋን የጎበኘ ሰው ታይዋን የተባለውን የገበያ ሥፍራ ሳያይ አይመለስም። ስሙ ከሩቅ ምሥራቅ ደሴት የተወሰደ ነው፤ የሚሸጥበትም ሸቀጥ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ከተማይቱ ራሷ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለሆነች፥ የውጭ ዕቃ ለእርስዋ እንግዳ አይደለም። በዚያ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበርና ሣሕን ያየ ሁሉ፥ ፕላስቲክ ቀላልና ርካሽ መሆኑን፥ ነገር ግን ፀሐይና ሸክም ሲበዛበት የሚጎብጥና የሚሰነጠቅ መሆኑን ያውቃል። ታዲያ ከሰጋቱራና ከፕላስቲክ ተደባልቆ የሚሠራው አዲሱ ሳንቃ ጥንካሬውን ከምን ያገኛል? መልሱ ከአባቶቻችን ደጅ የራቀ አይደለም።

የአገራችን መራጊ ጭቃውን ብቻውን በግድግዳ ላይ አይለጥፍም። አስቀድሞ የጤፍ ጭድ ይጨምርበታል፤ በእግሩ እየረገጠ ያቦካዋል፤ ለቀናትም እንዲሰነብት ይተወዋል። ምክንያቱም ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፥ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭዱ ግን ስንጥቁን ከወዲህና ከወዲያ ይዞ እንዳይሰፋ ያግደዋል። ይህ ዕውቀት እጅግ የቆየ ነው። ፈርዖን እስራኤላውያንን ባስጨነቀ ጊዜ፥ ለጡብ ሥራ ይሰጣቸው የነበረውን ጭድ እንደከለከላቸው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ተጽፏል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም የአክሱም ዘመን ጥበብን የተከተሉ ግንበኞች፥ በድንጋዩ መካከል እንጨት እያጋደሙ ግድግዳውን አስተሳስረውታል። ዕቃው ይለያያል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው፤ የሚሰነጠቀውን በሚይዝ ነገር ማሰር።

ይኸው አሳብ በአውሮፓና በአሜሪካም እየታደሰ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሴፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ፥ በውስጡ ብረት ላለበት የሲሚንቶ የአበባ ገንዳ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1907 ቤልጅግ የተወለደው ሊዮ ቤክላንድ በአሜሪካ ባክላይት የተባለውን ፕላስቲክ ሠራ፤ ብቻውን ተሰባሪ ስለነበረም የእንጨት ዱቄት እየተደባለቀበት ለሥራ ዋለ። በ1930ዎቹ የመስታወት ክር በፋብሪካ መመረት ጀመረ። በ1941 ሄንሪ ፎርድ ገላዋ ከፕላስቲክ የተሠራ አውቶሞቢል ለሕዝብ አሳየ። ኋላም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፥ ዛሬ የምናውቀው የሰጋቱራና የፕላስቲክ ሳንቃ ለበረንዳ ወለልና ለአጥር በብዛት ይሠራ ጀመር።

ወደ ምሥጢሩ እንመለስ። ሰጋቱራ አጭር ቅንጣት ነው፤ ሳንቃውን ያጠነክረዋል እንጂ ስንጥቅን ተሻግሮ አይዝም። ስለዚህ ረዘም ያለ ክር፥ ማለት የመስታወት ክር፥ ቃጫ ወይም ሌላ የተክል ክር ይጨመርበታል። ክሩ በቅድሚያ ሸክሙን ይቀበላል፤ ሳንቃውም በሙቀት ቀስ በቀስ እንዳይጎብጥ ያግዘዋል። ነገር ግን ክር መጨመር ብቻ አይበቃም። እንጨትና ቃጫ ውኃ ወዳድ ናቸው፤ ፕላስቲክ ግን እንደ ዘይት ውኃን የሚሸሽ ነው። ሁለቱ ካልታረቁ ክሩ በሥራ ጊዜ ከፕላስቲኩ ውስጥ ተመዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ማሌይክ አንሃይድራይድ ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር የተዋሐደ ፕላስቲክ በመካከል ገብቶ እንደ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል። ክሩ ከመጠን ሲያልፍም ፕላስቲኩ ሁሉንም ማልበስ አይችልም፤ ባዶ ቦታ ይቀራል፥ ሳንቃውም ይደክማል። ጭድ የበዛበት ጭቃ ከግድግዳ እንደሚረግፍ ማለት ነው። ደግሞም እንጨት በ200 ዲግሪ አካባቢ በሙቀት መበላሸት ስለሚጀምር፥ ከዚያ በታች የሚቀልጥ ፕላስቲክ መመረጥ አለበት።

ይህን የምናገረው ለጥበብ ወሬ ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል የመሥሪያ ቤት ግዢ የሚፈርሙ አሉ። የሳንቃ ውፍረትና የገጽ ጥራት ዓይንን ይማርካሉ፤ የሚሸከመው ግን በውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ሻጩን፥ «ምን ዓይነት ክር አለበት? በምን ተያይዟል? በሙቀት ውስጥ የመጉበጥ ፈተና አልፏልን?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ፀሐይ ሥር የሚቆም ዕቃ ከሆነ ጥያቄው ይበልጥ ተገቢ ነው። በዚህ ሳንቃ የቤት ምሰሶ ወይም ሸክም ተሸካሚ ተሠርቶ ቢወድቅ፥ የሚጎዳው የመንግሥት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ነው።

አገራችን ቃጫና የእንሰት ክር አላት፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችንም እነዚህን ከፕላስቲክ ጋር እያዋሐዱ የሚፈትኑ ተመራማሪዎች አሉ። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ሁሉ ማድነቅ ወይም ሁሉን መናቅ አይገባንም፤ የአባቶቻችንን መራጊ ዕውቀት ይዘን መርምረን እንቀበል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ስለ ሰው ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ለሳንቃም ይሠራል።