ቤት ልታከራዩ ነው? ከመፈራረማችሁ በፊት ይሄን እወቁ

አክስታችሁ ዱባይ ናት። ጀሞ ወይም የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየም ቁልፍ እናንተ ጋር ነው። "አንተ ስልክ ትችላለህ፣ ጥሩ ሰው ፈልግልኝ" ተብላችኋል። ይሄ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። የራሱን ሰርቪስ ቤት ለሚያከራይም ይጠቅማል።

እኛም ደርሶብናል። ከመሃላችን አንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የአክስቱን ቤት ቴሌግራም ላይ ለጠፈ። ፎቶው ያምራል። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ብቻ መሆኑን ግን አልጻፈም። የገቡት ጨቅላ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። በወሩ ጭቅጭቅ ተጀመረ፣ በሁለተኛው ወር ለቀው ወጡ። ቤቱ ባዶውን ተቀመጠ፣ አክስትየዋም ተቀየመች። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የተከራዮቹ አልነበረም።

ለምንድነው መጀመሪያ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው?

ድሮ ብዙ አከራይ ተከራዩ ካልተመቸው ኪራይ ይጨምርበታል ወይም "በወር ውስጥ ልቀቅ" ይለዋል። አሁን እንደዛ አይሰራም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጨዋታውን ቀይሮታል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

📌 ውሉ በጽሁፍ መሆን አለበት፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው በየወረዳው ነው። ካልተመዘገበ ቅጣት አለው።
📌 የውሉ ጊዜ ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም።
📌 ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ካሳወቀው መጠን አያልፍም።
📌 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የ6 ወር ወይም የዓመት መጠየቅ ቀርቷል።
📌 ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

ኪራይ አለመክፈልን ወይም ቤት ማበላሸትን የመሰሉ ህጉ የዘረዘራቸው ምክንያቶች ከሌሉ በስተቀር፣ የመረጣችሁት ሰው ለ2 ዓመት አብሯችሁ ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ከፊርማ በፊት ማለቅ አለበት።

ማስታወቂያው ላይ አትዋሹ

ቤቱ መጀመሪያ ይጸዳ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ይሰራ፣ አምፖል ይቀየር። ፎቶ ቀን ላይ መጋረጃ ከፍታችሁ አንሱ። መጸዳጃ ቤቱንና ኩሽናውን አትዝለሉ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ከበር ጀምሮ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ደግሞ ከአስር ፎቶ ይበልጣል።

ጽሁፉ ላይ እነዚህ አይቅሩ፦ ሰፈሩ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ስቱዲዮ ይሁን ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ፣ ዋጋው፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶ መኖር አለመኖሩ፣ የመብራት ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ታክሲ መያዣው ምን ያህል እንደሚርቅ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" አትበሉ። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ሁሉ እየደወለ ያደክማችኋል፣ የእሱም ጊዜ ይባክናል። ቤቱ ከዚህ በፊት ተከራይቶ ከነበረ ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት ወረዳ ላይ በስንት እንደተመዘገበ አረጋግጡ።

የቤት ቁጥሩን በይፋ አትለጥፉ። ፎቶው ላይ ስልካችሁን ጻፉበት። አጭበርባሪዎች የሰው ቤት ፎቶ ወስደው በርካሽ ዋጋ ይለጥፉና ሳያሳዩ ቀብድ ይቀበላሉ። የተጭበረበረው ሰው ደግሞ በር የሚያንኳኳው እናንተ ጋር ነው።

በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ በቴክስት ተስማሙ። በቃል የተባለ ነገር ቁልፍ ርክክብ ላይ ይቀየራል።

ሰውየውን እንዴት እናጣራ?

ታማኝ ተከራይ ማለት በሰዓቱ የሚከፍል፣ ቤቱን የሚይዝ፣ ከጎረቤት ጋር የሚግባባ ሰው ነው። ብሔሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ላጤ መሆኑ ወይም ልጅ መውለዱ ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። "ላጤ አናከራይም" እየተባለ ስንት ጨዋ ሰው ተመልሷል። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦

1. መታወቂያ። የፋይዳ ቁጥር ካለው ጥሩ ነው። ስሙ ከሚፈርመው ስም ጋር አንድ መሆኑን እዩ።
2. ሥራ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ወይም የደሞዝ ማስረጃ። በግል የሚሰራ ከሆነ የሚሰራበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ኪራዩ ከገቢው ግማሽ ካለፈ ሌላውን ወጪ በምን እንደሚሸፍን በግልጽ አውሩ።
3. የቀድሞ አከራይ። አሁን ያለበትን ብቻ አትጠይቁ። ሊገላገለው የፈለገ አከራይ "እንደሱ ያለ ሰው የለም" ሊል ይችላል። ከዛ በፊት የነበረበትንም ደውላችሁ ጠይቁ።
4. ስንት ሰው ይኖራል? ቤቱን ለመኖሪያ ነው ወይስ ለሥራ? መልሱ ውሉ ላይ ይስፈር።

መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ግን በአክብሮት ይሁን። እሱም እናንተን የማጣራት መብት አለው። የባለቤትነት ካርታ ወይም የቤቱን ውል ቢጠይቃችሁ አትቆጡ፣ እንደውም ጥሩ ምልክት ነው። በሰው ስም የምታከራዩ ከሆነ ማከራየትን በግልጽ የሚጠቅስ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ያስፈልጋችኋል። "አክስቴ ፈቅዳልኛለች" ወረዳ ላይ አይሰራም።

በፊርማ ቀን

ቤቱን አብራችሁ እየዞራችሁ በቪዲዮ ቅረጹ፣ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቁምሳጥኑን። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ በፎቶ ይያዝ። ቢሉ በባለቤቱ ስም ስለሚመጣ ያልተከፈለ ውዝፍ የሚቀረው እናንተ ላይ ነው። የጋራ ህንፃ ማህበሩን ወርሃዊ መዋጮ ማን እንደሚከፍል፣ ቧንቧ ቢበላሽ ማን እንደሚያሰራ ጻፉ። ስንት ቁልፍ እንደተሰጠም ይመዝገብ። ቪዲዮውን ለተከራዩም ላኩለት፣ ሁለታችሁም ጋር ይቀመጥ።

አንዳንድ አከራይ ግብር ፈርቶ ውሉ ላይ አነስተኛ ብር ያስጽፋል። ይሄ ዞሮ የሚጎዳው ራሱን ነው። ተከራዩ መክፈል ቢያቆም ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ብር ነው፣ በቃል የተስማማችሁትን አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ያልነው ቤት አሁን ተከራይቷል። ማስታወቂያው በዚህ ጀመረ፦ "አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት 2 ቀን፣ ሮቶ አለው።" ሮቶው የተገዛው ከመጀመሪያው ጥፋት በኋላ ነው። የደወለው ሰው ቁጥር ቀነሰ፣ የመጣው ግን አውቆ የመጣ ሰው ነበር።

ቤት ሊያከራይ ላሰበ ወዳጃችሁ ላኩለት።