የኩላሊት እጥበት በቤት ውስጥ፦ የእማማ እጅ ቢንቀጠቀጥስ?

«የኩላሊት እጥበት» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሳምንት ሦስቴ ሆስፒታል ሄዶ ከደም ማጣሪያ ማሽን ጋር ለሰዓታት መቀመጥ ነው። ሌላም መንገድ ግን አለ፤ ቤት ውስጥ፣ በሆድ በኩል የሚደረግ። ፔሪቶኒያል ዲያሊሲስ ይባላል። ታማሚዋ አቅም ያነሳቸው እናት ሲሆኑስ ማን ያግዛቸዋል? ዛሬ እሱን እንይ።

🔹 እንዴት ይሠራል?
በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሆድ ላይ ለስላሳ ቱቦ ይገባል። በቱቦው 2 ሊትር ገደማ ንጹሕ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ገብቶ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። የሆድ ዕቃን የሸፈነው ስስ ሽፋን እንደ ወንፊት ሆኖ ከደም ውስጥ ቆሻሻና ትርፍ ውሃ ወደ ፈሳሹ ያሳልፋል። ከዚያ ፈሳሹ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። አንዱ ቅያሪ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በቀን 4 ጊዜ ያህል ይደረጋል። ሌሊት ተኝተው ሳለ ቅያሪውን ራሱ የሚሠራ ማሽንም አለ።

🔹 ታዲያ ችግሩ ምንድነው?
ከረጢቱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሲገናኝ ደግሞ የቱቦው ጫፍ ምንም ነገር መንካት የለበትም፤ ከነካ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ልጅ ቢረዳም በየቀኑ ነው፤ እሁድ የለ፣ በዓል የለ። ልጅም ይደክመዋል።

🔹 ሌሎች አገሮች ምን ያደርጋሉ?
👉 ፈረንሳይ፦ ነርስ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ ክፍያውን የአገሪቱ የጤና መድን ይሸፍናል። በከረጢት ከሆነ ለየቅያሪው፣ በማሽን ከሆነ ጠዋትና ማታ።
👉 እንግሊዝ፦ በብዙ ቦታ የሠለጠነ ረዳት በቀን አንዴ መጥቶ ማሽኑን ያዘጋጃል። ማታ ማገናኘቱ የታማሚው ወይም የቤተሰብ ሥራ ነው።
👉 አሜሪካ፦ ሜዲኬር ሕክምናውንና ሥልጠናውን ይሸፍናል፤ እቤት የሚረዳ ሰው ደመወዝ ግን አይከፍልም። ወላጆቻችሁ እዚያ ካሉ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

🔹 ነርሷ ከረጢት ብቻ አትቀይርም
ክብደትና ደም ግፊት ትለካለች፣ ቱቦው የወጣበት ቦታ ቀልቶ ወይም መግል ይዞ እንደሆነ ታያለች፣ የወጣውንም ፈሳሽ ትመለከታለች።

⚠️ ይህን አትርሱ፦ የሚወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ፣ ሆድ ካመመ ወይም ትኩሳት ካለ «ነገ ይሻላቸዋል» አይባልም። ያኔውኑ ለሕክምና ቡድኑ ይደወላል። ከተቻለ የደፈረሰው ከረጢት አይጣል፤ ለምርመራ ይጠቅማል።

በእኛ በኩል የምንለው አንድ ነገር ነው። ሐኪሙን «ይህ ሕክምና ለእማማ ይሆናል?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ከረጢቱን ማን ይቀይራል? ያ ሰው ሲታመምስ ማን ይተካዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሳይገኝ ሕክምናው ከተጀመረ ሸክሙ አንድ ልጅ ላይ ይወድቃል።

ወላጅ ለሚያስታምም ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።